የማይፈታ ዘለበት

የወንድሜ ልጅ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ወደ ሱቄ ገባች። በአንዱ ያንጠለጠለችው ሌላው ይበልጥ ስለቆሰለ ነው። አልነገረችኝም፤ ከአረማመዷ አየሁት። አርባ አምስት ዓመት ኮርቻ የሰፋ ሰው የቆሰለ ጀርባ ከሩቅ ያውቃል።

ሱቄ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በእግር የሚዘወር የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ ጠፍርና ልጓም፣ በሽቦ የተሰካ የዘለበት ጥቅል አለ። የበቅሎ ዕቃ እሰፋለሁ። በቅሎ እየቀነሰ ሲሄድ ድንኳንና ቦርሳም መጠገን ጀመርኩ። ከኋላ ያለው በር ወደ ቤታችን ይወስዳል። ባለቤቴ የምትተኛበት ክፍል ከጠረጴዛዬ ይታያል። ሆዷን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ገና ሁለት ወሯ ነበር።

ልጅቷ አባቷ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር። እኛ ጋ አደገች። አሁን ውሃ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ሥራዋ የዝናብ መለኪያ ማንበብ ነው። ከመኪናው መንገድ ማዶ፣ ሰው በማይኖርበት ተራራ ላይ፣ ስድስት መለኪያ ተተክሏል። በወር አንዴ አራት ቀን በእግሯ እየዞረች በየመለኪያው የተጠራቀመውን ውሃ ለክታና ጽፋ ትመለሳለች። ድንኳኗም፣ ምግቧም፣ መሣሪያዋም ጀርባዋ ላይ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ሊገድለኝ ነው» አለችና ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ማን አሸከመሽ?»

«መሥሪያ ቤቱ ነዋ። ለአንድ ረጅም ሰውዬ የተገዛ ነው። ሰውዬው ጡረታ ወጣ፣ ቦርሳው ለኔ ቀረ።»

«ቦርሳውን ጠልቶ ይሆናል የወጣው።»

ሳቀች። ባለቤቴ ከውስጥ «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለች።

«ልጅሽ አህያ ሆናለች።»

«አሳዳጊዋ ማን ሆነና» አለች ባለቤቴ።

ትከሻዋን እንድታሳያት ወደ ውስጥ ላክኋት። ባለቤቴ ከንፈሯን ስትመጥጥ ሰማሁ። ቆዳው በሁለቱም በኩል ተልጧል አለችኝ፤ የግራው ውሃ ይዟል። ነገ ማለዳ ደግሞ መንገድ ነው። እስከ ባለፈው ወር አብሯት የሚዞር አንድ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባ ነበራት። እሱ ወገቡን ታሞ ተኝቷል። በዚህ ወር ብቻዋን ናት።

ቦርሳን ባዶውን አላይም። ባዶ ቦርሳ ውሸታም ነው። ሃያ ኪሎ አሸዋ በከረጢት አድርጌ ከተትኩበትና አሸከምኳት። ስድስት እርምጃ ወዲያ፣ ስድስት እርምጃ ወዲህ አስኬድኳት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ።

ጥፋቱ ወዲያው ታየኝ። የቦርሳው ጀርባ ለእሷ አንድ ጋት ይረዝማል። ዳሌ ላይ ማረፍ ያለበት ቀበቶ መቀመጫዋ ላይ ወርዷል፤ ስለዚህ ምንም አይሸከምም። ሃያው ኪሎ በሙሉ በሁለቱ ማንገቻዎች ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ጭነቱ ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ እሷ ደግሞ እንዳትወድቅ አንገቷን ወደ ፊት ትደፋለች።

«ጭነት በትከሻ አይደለም የሚሸከሙት» አልኳት። «በዳሌ ነው። ትከሻ ጭነቱ ወደ ኋላ እንዳይሄድ መያዣ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ለመሥሪያ ቤቱ ማን ይንገረው?»

«አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን አትምቺ። ዝም ብለሽ ቁሚ።»

አንገቷን ስታጎነብስ ከምትወጣው አጥንት እስከ ዳሌዋ አጥንት ጫፍ በክር ለካሁ። ማንገቻዎቹን ከተሰፉበት ፈትቼ አራት ጣት ዝቅ አደረግኋቸው። በሰም በታሸ ክር፣ በድርብ ስፌት መልሼ ሰፋሁ። ለኮርቻ ከምጠቀምበት ወፍራም ሱፍ ቆርጬ ቀበቶውን ከውስጥ ደረብኩት። ከባዱን ዕቃ ከጀርባዋ አስጠግታ፣ ቀላሉን ከታችና ከውጭ አድርጋ እንድትከት አሳየኋት።

የቀረው የቀበቶው ዘለበት ነበር። ፕላስቲክ ነው፤ ሁለት ጥርስ ያለው፣ በጣት ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚከፈት። አንደኛው ጥርስ ተሰንጥቋል። ሳብ ሳደርገው በራሱ ተከፈተ።

«እሱ ነው ጠላቴ» አለች። «ባለፈው ወር ወንዙ ላይ ጉድ ሠራኝ እኮ። መሃል ላይ ድንጋይ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ይሄ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፣ ቦርሳው ከትከሻዬ ወጥቶ ሄደ። ሽማግሌው ታች ድረስ ሮጦ ነው በዱላ ያወጣው። የአራት ቀን ጽሑፌ ውሃ ጠጣ። አለቃዬ ፊት እንደ ተማሪ ቆሜ ተሰደብኩ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ተነሣሁ።»

ይህን ቃል ሰማሁት። ጆሮዬ ሰማ፤ እጄ ግን ሌላ ዘለበት እየፈለገ ነበር።

«ከእንግዲህ እንዳይፈታ ያድርጉልኝ አባባ።»

«አይፈታም» አልኳት።

ከሽቦው ላይ የብረት ዘለበት አወረድኩ። በቅሎ ሆዷ ሥር የምትታሰርበትን ጠፍር የምገጥምበት ነው፤ ወፍራም ምላስ አለው። በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ብትንሸራተት፣ ወድቃም ብትንከባለል፣ እኔ ያሰርኩት ጭነት ከላይዋ አይለይም። ሰው ሦስት ሱቅ አልፎ እኔ ጋ የሚመጣው ለዚህ ነው። ፕላስቲኩን ቆርጬ ጣልኩና የቀበቶውን ጫፍ በጠፍር ቀጠልኩት። በወስፌ አምስት ቀዳዳ በሳሁ። ደረቷ ላይ ያለውንም ትንሽ ማያያዣ እንዲሁ በብረት ለወጥኩት። እሱን አልጠየቀችኝም ነበር።

እንደገና አሸከምኳት። ቀበቶውን ለመቆለፍ ሁለት እጇንና ትንሽ ጉልበት ጠየቃት። ሱቁ ውስጥ ተመላለሰች፣ ጎንበስ ቀና አለች፣ ዘለለች። ቦርሳው ከጀርባዋ ጋር አብሮ ተነሣ፣ አብሮ ወረደ።

«የለም እኮ» አለች። «እንደሌለ ነው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጠዋት ቆም ብለሽ፣ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው።»

«እሺ አባባ።»

ጭንቅላቴን ስማኝ ሄደች። የዚያን ቀን በሥራዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግመል መጣ። ግመል ስሙ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ለተራራ ተጓዦች ዕቃ ተሸክሞ ያወጣው ስም ነው። አሁን ሥራ ትቷል። ጀርባው ጎብጧል። ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ ካለው ሳጥን ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ያማል።

«ዛሬ ፊትህ በርቷል» አለኝ። «ሰው ሞተልህ?»

«ሥራ ተሳካልኝ።»

ሲቀመጥ እግሩ ሥር የወደቀውን የፕላስቲክ ዘለበት አየው። አነሣው። ጠቅ አደረገው።

«ይሄን ማን ጣለው?»

«እኔ። ተሰንጥቋል።»

«በምን ለወጥከው?»

ከሽቦው ላይ የቀረውን አንድ አሳየሁት። አገላበጠው። ምላሱን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ግመል ሁልጊዜ በአንድ የአፉ ጎን ፈገግ እንዳለ ነው፤ ያ ፈገግታ ጠፋ።

«ለማን ነው?»

«ለልጅቷ። ለወገቧ።»

«ወንዝ ተሻግራ ለምትሄደው?»

«አዎ። ባለፈው ወር ውሃ ውስጥ ተፈትቶባት...»

«ተፈትቶላት በል።» ዘለበቱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። «አንተ ሰው፣ በቅሎ አደረግካት።»

አልገባኝም። ወይም ገብቶኝ ይሆናል።

«እኛ ውሃ ዳር ስንደርስ መጀመሪያ የምንፈታው ቀበቶውን ነው» አለ ግመል። «ከዚያ የደረቱን። ማንገቻውን እናላላለን። ውሃ ሲጥልህ ቦርሳ ይንሳፈፋል፣ አንተ ከሥሩ ትሆናለህ። ጀርባህ ላይ ተቀምጦ ፊትህን ወደ ታች ይይዘዋል። ውሃው እስከ ጉልበትህ ቢሆንም አትነሣም። አንድ ጎረምሳ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ስናወጣው ውሃው እዚህ ነው የሚደርሰው።» ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ቀበቶው እንደተቆለፈ ነው።»

«ትፈታዋለቻ።»

«በምን ጣቷ? እስቲ አንተ ፍታው።»

የብረቱን ዘለበት በአንድ ቁራጭ ጠፍር ወገቤ ላይ አሰረው። ከኋላዬ ሆኖ በሁለት እጁ ጎተተኝ። «ዓይንህን ጨፍን» አለኝ። «ትንፋሽህን ያዝ። ፍታ።» ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ጠፍሩ በተጎተተ ቁጥር ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል። ለማውጣት ቀበቶውን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ እሱ እየጎተተኝ አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ላይ ትንፋሼን ለቀቅሁ። እሱ እስከ አርባ ቆጠረ። ዘለበቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«ሽማግሌው ባልደረባዋ ነግሯት ይሆናል» አልኩ።

«ቢነግራት ባለፈው ወር ቆልፋ ትገባ ነበር? እነዚህ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚያውቁት ወረቀት ነው።»

ስልኳን ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ማግኘት አይችሉም የምትለዋ ሴት ብቻ መለሰችልኝ። መሥሪያ ቤቷ ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሣው።

«ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወንዙን ተሻግራ ትመለሳለች» አለኝ።

«እኔ ዛሬ ነው የምፈልጋት።»

«ዛሬማ አትገኝም አባቴ። መኪናችን በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዟት ወጥቷል፤ ሌሎች ሠራተኞችን በየመንገዱ እያወረደ እኩለ ቀን ላይ ያደርሳታል። ከከተማው ወዲያ ስልክ የለም።»

ኮቴን ለበስኩ። ገመድና ቢላዋ ኪሴ ከተትኩ። ባለቤቴ በተከፈተው በር ታየኛለች።

«ወዴት ነው?»

«አንድ ዘለበት ተሳስቼ ሰጥቻለሁ።»

«ለዘለበት ኮት ይለበሳል?»

ከአልጋዋ ቀና ልትል ስትሞክር አየሁ፤ በሩን ዘጋሁት።

ግመል የሚያውቀው የጠጠር መኪና ሾፌር ነበር። ጠጠር የሚጭነው እዚያ ስለሆነ እኛን ባዶ መኪናው ላይ ጭኖ እስከ መንገዱ ጫፍ ወሰደን። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በእኛ በኩል ፀሐይ ነበር። ከፊታችን ያለው ተራራ ግን ከወገቡ በላይ አይታይም፤ ጥቁር ደመና ተኝቶበታል።

«ላይኛው አገር ሌሊቱን ሲያወርደው አድሯል» አለ ሾፌሩ። «መንገዱን አያችሁት? አቧራ እንኳን የለም።»

«እኛ ለመንገዱ አይደለም የመጣነው» አለ ግመል።

ከመኪናው ወርደን ቁልቁል ሄድን። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ግመል ስንት እንደሆነ ራሱም አያውቅም። መንገዱ ላይ የጫማዋን ዱካ አየሁ። ጭቃው ላይ በደንብ ታትሟል። ተረከዝና ጣት እኩል ይረግጣል፤ እርምጃው አይዛነፍም። ጭነቱ ዳሌዋ ላይ በትክክል ተቀምጧል ማለት ነው። ሥራዬን አወቅሁት። ደስ የማይል ነገር ነበር።

«ወንዙ ስንት ይሆናል?» አልኩት።

«በደህና ቀን ከጉልበት በታች ነው። እየተሳሳቅህ ነው የምትሻገረው።» ትንሽ ሄደና፣ «ውሃም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለ።

ወንዙን ከማየታችን በፊት ድምፁን ሰማነው። ሁለታችንም ፈጠን አልን።

ወንዙ ሰማንያ እርምጃ ያህል ይሰፋል። ውሃው የሸክላ ቀለም ይዟል። ማዶ፣ ከዳሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የመጀመሪያው መለኪያ በእንጨት ላይ ቆሟል። ከሥሩ የወንድሜ ልጅ ቁጭ ብላ ካልሲዋን ትጨምቃለች። ቦርሳው አጠገቧ ነው።

ተሻግራለች። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ግመል ውሃውን ያያል። ዳሩ ላይ ከነበረ ድንጋይ ግማሹ ሰጥሟል፤ ግማሹ ገና ደረቅ ነው።

«እሷ ስትሻገር ከዚህ ያነሰ ነበር» አለ። «እየመጣ ነው።»

ዱላውን ይዞ ገባ። አምስት እርምጃ ሄደ። ስድስተኛው ላይ ውሃው ጭኑን ሲይዘው ተንገዳገደ። ወደ ኋላ ወጣ። ትንፋሹ ተቆርጦ ነበር።

«ድሮ ቢሆን...» አለና ተወው።

ተነሥቼ እጄን አወዛወዝኩ። ጠራኋት። ድምፄን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ግን እንቅስቃሴውን አየች። ብድግ አለች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ተመለከተችን። መጀመሪያ እጇን አነሣች። ከዚያ እጇ በአየር ላይ ቆመ።

ወገቤን በሁለት እጄ ያዝኩ። ዘለበት መፍታት አሳየኋት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በጣቴ ወደ እሷ ጠቆምኩ፤ እንደገና ሆዴ ላይ አሳየሁ።

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን አደረግህ?» አለ ግመል።

«ፍቺው አልኳት።»

«ሆድህን ነው የያዝከው። የሚስትህ ሆድ አይደል የተቀደደው?»

ያን ጊዜ ራሴን በእሷ ዓይን አየሁት። ከቤቱ የማይወጣ ሽማግሌ፣ ኮት ለብሶ፣ ሰው ከሌለበት ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ሆዱን ይዞ ይጣራል። ይህ መርዶ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ካልሲ ሳታጠልቅ እግሯን ጫማ ውስጥ ከተተች። ቦርሳዋን አነሣች። በሁለት እጇ ቀበቶውን ስትስብ አየሁ። እንዳስተማርኳት ቆም ብላ፣ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። የደረቱንም ቆለፈች። ከዚያ ወደ ውሃው ወረደች።

«የለም!» ብዬ ጮህኩ። ሁለት እጄን ወደ ፊት ገፋሁ፤ ተመለሺ ማለቴ ነው። ዘመዱ የሞተበትም ሰው እንዲሁ ነው እጁን የሚያወናጭፈው። እርምጃዋን አፈጠነች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ። ጉልበቷ ደረሰ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ እግሯ የት እንደሚረግጥ አታይም።

ግመል ክንዴን ያዘኝ።

«ጀርባህን ስጣት።»

«ምን?»

«ዞረህ ሂድ። መርዶ ነጋሪ ጀርባውን ሰጥቶ አይሄድም። ካየችህ ትመጣለች። አሁን ዙር። ቀስ ብለህ፣ ሽርሽር እንደወጣ ሰው።»

ከፊቴ ውሃ ውስጥ እየገባች ናት፤ እሱ ዙር ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት። ከዚያ እጄን ከፍ አድርጌ እንደ ሰላምታ አወዛወዝኩና ዞርኩ። ሁለት እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ዳገቱን ጀመርኩ። ግመል አብሮኝ ዞረ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ እንደሚስቅ ሰው ራሱን ወደ ኋላ ወረወረ። ፊቱ ግን አይስቅም። በዚያ ሰበብ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ያያል።

«የት ናት?» አልኩት።

«ጭኗ ላይ ደርሷል። ሂድ።»

ሄድኩ። እርምጃ ቆጠርኩ። የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር።

«አሁንስ?»

«ቆማለች።»

«ትመለሳለች?»

«ዝም ብለህ ሂድ።»

ሃያ ሦስት እርምጃ። ሕይወቴን ሙሉ ጭነት ተሸክሜ አላውቅም፤ እኔ የማስረው ለሌላ ነው። ያን ዳገት ስወጣ ጀርባዬ ላይ የነበረውን ግን አውቀዋለሁ።

«ዞረች» አለ ግመል። «አዳለጣት። ተነሣች... ወጣች። ማዶ ወጣች።»

ቋጥኝ ጀርባ ገብተን ተቀመጥን። በስንጥቁ አየኋት። ዳሩ ላይ ቆማ እኛ የጠፋንበትን ለረጅም ጊዜ አየች። ምናልባት ተናዳለች፤ ምናልባት ሽማግሌዎቹ ጃጁ ብላለች። ደብተሯን አውጥታ መለኪያውን ጻፈች። ከዚያ ቀጥ ባለ ጀርባ ሽቅብ ወጣች። ቦርሳው ከላይዋ ንቅንቅ አይልም።

ደመናው ውስጥ እስክትገባ ከቋጥኙ ጀርባ አልወጣንም።

«ቅዳሜ እዚሁ እንጠብቃታለን» አልኩ።

«እዚህ ዳር ሆነን? ከዚህ ዳር ስታይህ ምን እንዳደረገች አይተሃል።»

«ታዲያ?»

በአገጩ ወደ ታች አመለከተ። «የእግር ድልድይ አለ። በደህና እግር ሁለት ቀን ነው፣ ተሻግሮ በማዶ እዚህ እስኪመለስ። በእኛ እግር ሁለት ተኩል ይሆናል። ማደሪያ እረኞች የተዉት ጎጆ አለ።»

ቆጠርኩ። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ተኩል ማለት ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሷ እኩለ ቀን ላይ ውሃው ዳር ትደርሳለች። ቀድማ ካልደረሰች።

«አንተ ተመለስ» አልኩት። «ሚስቴ ብቻዋን ናት።»

«ሾፌሩ ይነግራታል። ለመሥሪያ ቤቱም ይናገር። መንገዱን ያለኔ አታውቀውም።»

ሾፌሩ ላይ ለመድረስ ግመል ሽቅብ ሮጠ፤ መሮጥ ከተባለ። እኔ ወደ ውሃው ተመልሼ ወረድኩ። ግማሹ ደረቅ የነበረው ድንጋይ የለም። የት እንደነበረ የሚታወቀው ውሃው በላዩ ስለሚታጠፍ ብቻ ነው።

ግመል ከሾፌሩ ዳቦና ያረጀ ብርድ ልብስ ይዞ ተመለሰ። ዳቦውን እሱ፣ ብርድ ልብሱን እኔ ያዝን። ወንዙን በቀኝ አድርገን ቁልቁል መሄድ ጀመርን። ብዙም ሳንርቅ ከላይ አንድ ዛፍ ከነሥሩ እየተገለባበጠ መጣና አልፎን ሄደ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነበር።